ተራራውን ከጠረጴዛ ላይ ማየት
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች በጎንደር የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ተራ ኮምፒዩተር ሁለት ፎቶግራፎችን አጣምሮ አገርን ከነጥልቀቱ ስለ ማየት ነው። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የሲኒማ ቤት ጨዋታ አይደለምን?» ብለውኛል። በእርግጥ ጨዋታም ይሆናል። ነገር ግን በእኛ በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ መሬቱ በአምባና በገደል፣ በተረተርና በቦረቦር በተከፋፈለበት አገር፣ ከፎቶግራፍ ላይ ከፍታን ማንበብ ያልተማረ ሰው ተመርቆ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በተላከ ጊዜ የሚፈርደው በሰው ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ሙያ አድርገን እንድናየው እለምናችኋለሁ። ዓመቶቹን ስጠራ፣ ካልለየሁ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መሠረቱን ባጭሩ ላስረዳ። በሁለቱ ዓይኖቻችን መካከል ከስድስት ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት አለ። አውራ ጣታችሁን ወደ ፋሲል ግንብ አቅጣጫ ዘርጉና አንዱን ዓይን ጨፍናችሁ ተመልከቱ፤ ቀጥሎም ሌላውን ጨፍኑ። ጣታችሁ ከአንዱ የግንቡ ማዕዘን ወደ ሌላው የዘለለ ይመስላል። ቅርብ ያለው ነገር ብዙ ይዘላል፤ ሩቅ ያለው ጥቂት ይዘላል። አእምሮአችን ይህን የዝላይ ልዩነት ተቀብሎ ርቀት ብሎ ይተረጕመዋል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ይህን በ1838 በሁለት መስተዋቶች አስረድቷል። ፎቶግራፍ ለዓለም የተገለጸው በሚቀጥለው ዓመት ስለ ነበረ እርሱ የተጠቀመባቸው ሥዕሎች በእጅ የተሣሉ ነበሩ። ዊልሄልም ሮልማን የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ በ1853 ሁለቱን ሥዕሎች በሁለት ቀለም አትሞ ባለ ሁለት ቀለም መስተዋት ባለው መነጽር ማየት እንደሚቻል ጻፈ። እንግዲህ ዛሬ የምነግራችሁ ዘዴ ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሥራውን አቀለለው እንጂ አልፈጠረውም።

አውሮፕላን ይህንኑ ነገር በትልቁ ይሠራል። ለካርታ ሥራ የሚበር አውሮፕላን መሬቱን አንድ ጊዜ ያነሣና ጥቂት ሄዶ እንደገና ያነሣዋል፤ ከመጀመሪያው ፎቶግራፍ 60 በመቶ የሚሆነው ክፍል በሁለተኛውም ላይ ይገኛል። የተለመደው ፎቶግራፍ ወርዱም ቁመቱም 23 ሳንቲ ሜትር ነው። መጠኑ 1 ለ50,000 የሆነ እንደ ሆነ፣ በሁለቱ የማንሻ ቦታዎች መካከል 4.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ጥንዱን ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው ዓይኖቹ 4.6 ኪሎ ሜትር የተራራቁ ግዙፍ ፍጥረት ሆኖ ከሰማይ አገሩን ይመለከታል ማለት ነው። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ ስለ ማሳው ስንነጋገር ያስፈልገናል።

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ጣልያኖች ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያን ክፍሎች ከአየር አንሥተዋል። እነዚያ ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ ተቀምጠው ቆይተው፣ በየሰሌዳው ላይ እንደ ተለጠፉ 8,281 ሰሌዳ ሆነው በተመራማሪዎች እጅ እንደገና ወደ ብርሃን ወጥተዋል። በየሰሌዳው ላይ ቀጥታ ወደ ታች የተነሣ አንድ ፎቶግራፍና በአግድም የተነሡ ሌሎች ይገኛሉ። ከ1963 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ጦር የካርታ ሠራተኞች ከመንግሥታችን ጋር ሆነው አገሪቱን ለካርታ ለክተዋል። በስሜን ተራሮች የስዊስ ሊቃውንት የሠሩት የ1 ለ25,000 ካርታ በ1978 በበርን ታትሟል፤ ስሜን በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዚያው ዓመት ነው። በካርታው ላይ ገደሉን የሚከተሉትን ቀጫጭን መስመሮች ስታዩ፣ ከነዚያ መስመሮች በስተጀርባ ሁለት ፎቶግራፎችን አጣምሮ ሲመለከት የዋለ የሰው ዓይን መኖሩን አትርሱ። የካርታ ሥራው መሥሪያ ቤት ዛሬ የኅዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በሚባለው ውስጥ ተጠቃሏል፤ የአየር ፎቶግራፍ የሚፈልግ ተማሪ ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ይዞ የሚጠይቀው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ «ጉግል ኧርዝ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በጉግል ኧርዝ ላይ ስሜንን አዘንብላችሁ ስታዩ የምታዩት አንድ ፎቶግራፍ በከፍታ መረጃ ላይ እንደ ጋቢ ተደርቦ ነው። ለአገራችን በነጻ የሚገኘው አብዛኛው የከፍታ መረጃ ነጥቦቹ 30 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ከነዚህ ታዋቂው አሜሪካኖች በየካቲት ወር 2000 በመንኰራኵር ሆነው በራዳር የሰበሰቡት ነው። እንግዲህ ስፋቱ ዐሥር ሜትር የሆነ ቦረቦር በሁለት ነጥቦች መካከል ጠፍቶ ይቀራል፤ ጋቢው ቦረቦሩን ይሸፍነዋል። በጥንድ ፎቶግራፍ ላይ ግን ያው ቦረቦር ከነጫፉ ተከፍቶ ይታያል። ከዚህም በላይ ጉግል ኧርዝ የ1960ዎቹን ቦረቦር ጥልቀት ሊያሳያችሁ አይችልም፤ የዚያ ዘመን ጥንድ ፎቶግራፍ ግን ያሳያል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ።

ለዚህ ሥራ ልዩ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። በሴኮንድ 120 ጊዜ የሚታደስ ስክሪንና ዓይንን በየተራ የሚከድን ኤሌክትሪክ መነጽር ያለው አሠራር ነበረ፤ ከነዚህ የታወቀውን የሠራው ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ በ2019 ድጋፉን አቁሟል። ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ተገኘ ብላችሁ ገንዘባችሁን እንዳታወጡ እመክራለሁ፤ ለአዲስ ኮምፒዩተር የሚስማማ ፕሮግራም አታገኙለትም። ለእኛ የሚበቁን ሁለት መንገዶች ናቸው።

አንደኛው የቀለም መነጽር ነው። በግራ ዓይን ቀይ፣ በቀኝ ዓይን አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ቀለም ያለው የካርቶን መነጽር ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ የግራውን ፎቶግራፍ በቀይ፣ የቀኙን በአረንጓዴና በሰማያዊ አድርጎ ይደርባቸዋል። በዚህ ዘዴ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ መልኩ ይበላሻል፤ የሚነቅፉትም በዚህ ነው። ነገር ግን የቆዩት የአየር ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ ስለ ሆኑ የሚጠፋ መልክ የላቸውም። ከሁሉ የረከሰው መነጽር ለእኛ ሥራ ከሁሉ የተስማማ ሆኖ መገኘቱ ደስ የሚል ነገር ነው።

ሁለተኛው መንገድ አንድ የፊት መስተዋት ብቻ ይጠይቃል። ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን በስክሪኑ ላይ አድርጉ፤ የቀኙን ብቻ በመስተዋት እንደሚታይ አድርጎ ግራ ቀኙን እንዲገለብጠው ኮምፒዩተሩን እዘዙት። ከዚያ መስተዋቱን ፊቱን ወደ ቀኝ አድርጋችሁ በሁለቱ ፎቶግራፎች ድንበር ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ አፍንጫችሁን ወደ ጠርዙ አስጠጉ። ግራ ዓይናችሁ የግራውን ፎቶግራፍ በቀጥታ ያያል፤ ቀኝ ዓይናችሁ የቀኙን በመስተዋቱ ውስጥ ያያል። መስተዋቱን ጥቂት ወዲህና ወዲያ ስታደርጉ ሁለቱ ይገጥሙና መሬቱ ብድግ ይላል። ከገበያ የሚገዛው መስተዋት ብርጭቆው ከፊት ስለ ሆነ ጥቂት ድርብ ጥላ ያሳያል፤ ቢሆንም ቀለም አያጠፋም።

ፕሮግራሙን በሚመለከት፣ ማሱጂ ሱቶ የተባለ ጃፓናዊ የሠራው ስቴሬዮ ፎቶ ሜከር የተባለው በነጻ የሚገኝ ነው፤ ያረጀ ኮምፒዩተርም ይችለዋል። አንድ ጊዜ በፍላሽ ከገለበጣችሁት በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። መብራት በሄደ ጊዜ ግን እንደማንኛውም ዕቃ ነው።

ፎቶግራፉን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ብዙዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ነው። በጽሕፈት ቤት የሚገኘው ተራ ስካነር ወርዱ 21.6 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ፎቶግራፉ ግን 23 ነው፤ አይገባም። ፎቶግራፉን የሚያጥፍ ሰው አጋጥሞኛል፤ ይህ ፈጽሞ አይደረግም። ሁለቱ ፎቶግራፎች የሚደራረቡበት ክፍል ወርዱ 14 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ቁመቱ 23 ነው። የስካነሩ ርዝመት ደግሞ ከ29 ሳንቲ ሜትር ስለሚበልጥ የሚያስፈልገን ክፍል ያለ ችግር ይገባል። ለማየት ይህ ይበቃል። ለጥብቅ ልኬት የሚሠራ ሰው ግን የፎቶግራፉን የጠርዝ ምልክቶች ስለሚፈልግ ትልቅ ስካነር ወዳለበት መሄድ አለበት። በኢንች 600 ነጥብ አድርጋችሁ ስካን ብታደርጉ እያንዳንዱ ነጥብ በመሬት ላይ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። በስልክ ማንሣት ግን አይሆንም፤ ስልኩ ጥቂት እንኳ ያዘነበለ እንደ ሆነ የሌለ ተዳፋት ትፈጥራላችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ማስተካከል ይመጣል። የአውሮፕላኑ የጉዞ መስመር በስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አግድም መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ዓይኖቻችን የተሠሩት አግድም ነው። አውሮፕላኑ ከሰሜን ወደ ደቡብ በርሮ እንደ ሆነ ሁለቱንም ፎቶግራፎች በሩብ ዙር አዙሩ። በሳተላይትም ነገሩ ያው ነው። አስተር የተባለው መሣሪያ በ1999 መጨረሻ በተመጠቀው ቴራ በተባለው ሳተላይት ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ቀጥታ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አይቶ ጥንድ ይሠራል፤ ከ2016 ጀምሮም በነጻ ይሰጣል። ሳተላይቱ የሚጓዘው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለ ሆነ ምስሉ ካልዞረ ማንም ሰው አያየውም። አንዱ ፎቶግራፍ ከሌላው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ራስ ምታት ያመጣል፤ ፕሮግራሙ በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርግ ትእዛዝ አለው፤ እርሱን ተጠቀሙ።

ግራና ቀኙን ያለዋወጠ ሰው አገሩ ይገለበጥበታል። ጎንደር ከተማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ እንደ ተሠራች ታውቃላችሁ። ጥንዱ ከተለዋወጠ ከተማዋ ጕድጓድ ውስጥ ትወርዳለች፤ አንገረብ በተራራ ጫፍ ላይ የሚፈስ ወንዝ ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውንም ጥንድ ስትከፍቱ በመጀመሪያ ወንዝ ፈልጉ። ወንዙ ተረተር ላይ ከወጣ ግራና ቀኙን ለውጡ።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። በአገራችን ለአየር ፎቶግራፍ የሚመቸው ደመና የሌለበት በጋ ነው። በዚያ ወራት ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሰሜንን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስታዩ ብርሃኑ ከታች የመጣ ይሆናል። ዓይናችን ደግሞ ብርሃን ከላይ መምጣቱን ስለ ለመደ ሸለቆውን ጉብታ አድርጎ ሊያሳየን ይታገላል። መድኃኒቱ ፎቶግራፎቹን ገልብጦ ደቡብን ወደ ላይ ማድረግ ነው። ነገር ግን ሁለቱን በገለበጣችሁ ጊዜ ግራና ቀኛቸውንም መለወጥ አለባችሁ፤ ይህን የረሳ ሰው ከአንድ ችግር ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል።

አቀማመጣችሁም ያስፈልጋል። ከስክሪኑ 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ራቁ፤ ራሳችሁን አታዘንብሉ፤ መስኮት ከኋላችሁ ካለ መጋረጃውን ዝጉ። ለጀማሪ ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም ላይታየው ይችላል፤ ይጠብቅ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዓይናችሁን አሳርፋችሁ ሩቅ ተመልከቱ። ከመካከላችን በተፈጥሮ ወይም በልጅነት የዓይን ሕመም ምክንያት በሁለት ዓይን ጥልቀት የማያዩ ሰዎች ይኖራሉ። እንዲህ ያለው ጓደኛ «ታየኝ» ብሎ እንዲዋሽ አታስገድዱት፤ የልኬቱን ክፍል እርሱ ይሥራው፤ ለዚያ አንድ ዓይን ይበቃል።

የስሜን ገደል ለብቻው ችግር አለው። አሁን በጠቀስሁት የፎቶግራፍ መጠን፣ በተለመደው 15 ሳንቲ ሜትር ሌንስ ሲነሣ፣ አውሮፕላኑ ከገደሉ ግርጌ 7,600 ሜትር ከፍ ብሎ ይበራል። አንድ ሺሕ ሜትር ከፍታ ያለው ገደል ጫፉ ከግርጌው 14 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘላል፤ ይህም ከሚደራረበው ክፍል ወርድ አንድ ዐሥረኛ ነው። ዓይን በምቾት የሚችለው ግን ከስክሪኑ ወርድ አንድ ሠላሳኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከደጋው ጫፍ እስከ ቆላው ድረስ ባንድ ጊዜ ልይ ያለ ሰው ከመካከሉ አንዱ ይበተንበታል። አስቀድማችሁ ጫፉን አጋጥሙ፤ ያን ጨርሳችሁ አንዱን ፎቶግራፍ ወደ ጎን እያንሸራተታችሁ ወደ ግርጌው ውረዱ። እንደ ሊማሊሞ መንገድ ነው፤ በአንድ ዝላይ አይወረድም።

እስካሁን የተናገርሁት ማየትን ነው። አሁን ወደ ተናገርሁት ማሳ ልመለስ።

የግዙፉ ፍጥረት ዓይኖች መራራቅ መሬቱን ከእውነተኛው ይልቅ ቀጥ ያለ ያደርገዋል። በአውሮፕላኑ ዘንድ በሁለቱ የማንሻ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ከበረራው ከፍታ ጋር ሲነጻጸር 0.6 ይሆናል፤ በእኛ እይታ ግን ይህ ንጽጽር 0.15 ያህል ነው። ስለዚህ ከፍታው አራት እጥፍ ያህል ተጋንኖ ይታያል። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ዓ.ም. የገጠር መሬት ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ እንደ ሆነ እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይካሄድበት፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነውም በእርከን ብቻ እንዲታረስ ይደነግግ ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ቢሆንም ተዳፋትን በመቶኛ ቈጥሮ መሬትን መለየት የማይቀር ሥራ ነው። አሁን አስቡት፦ በዳባት ወይም በደባርቅ ያለ አንድ የገብስ ማሳ ተዳፋቱ 15 በመቶ ነው። መነጽሩን ያደረገው ወጣት ባለሙያ በስክሪኑ ላይ ሲያየው 60 በመቶ መስሎ ይታየዋል። ያየውን አምኖ «ለእርሻ የማይሆን ገደላማ» ብሎ ጻፈ እንበል። ያ ባለማሳ ገበሬ ወረዳ ድረስ መጥቶ «ኧረ ጌታዬ፣ በሬዎቼ ሳይቸገሩ ያርሱታል» ቢል፣ «ኮምፒዩተሩ እንዲህ አሳይቷል» የሚል መልስ ሊሰጠው ነውን? በእኔ አስተያየት የዚህ ትምህርት ዋናው ክፍል መነጽሩ አይደለም፤ መነጽሩ ምን ያህል እንደሚዋሽ ማወቅ ነው።

ስለዚህ በዓይን ቦታውን ፈልጉ፤ በቍጥር ፍረዱ። ቍጥሩ ከባድ አይደለም። በግርጌና በጫፍ መካከል ያለውን የዝላይ ልዩነት በሚሊ ሜትር ለኩ፤ በበረራው ከፍታ አባዙት፤ ከዚያም የመሠረቱንና የዝላዩን ልዩነት ደምራችሁ አካፍሉት። መሠረት የምለው የሁለቱ ማንሻ ቦታዎች ርቀት በፎቶግራፉ መጠን ሲለካ ነው፤ በምሳሌአችን 92 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዝላዩ 1.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከፍታው 98 ሜትር ያህል ነው። በ600 ነጥብ ስካን በተደረገ ፎቶግራፍ ላይ የአንድ ነጥብ ስሕተት 3.5 ሜትር የከፍታ ስሕተት ያመጣል። እንግዲህ የአንድ ኮረብታ ጎን ተዳፋት በዚህ ዘዴ ይለካል፤ የአንዲት ጠባብ ማሳ ተዳፋት ግን አይለካም። ለዚያ በእግር ሄዶ፣ ገበሬውን አስከትሎ፣ በመሣሪያ መለካት ነው።

ጥንድ ፎቶግራፍ እስኪመጣላችሁ ድረስ በስልካችሁ ተለማመዱ። ደንቡ ቀላል ነው፦ በሁለቱ ማንሻ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ከቅርቡ ነገር ርቀት አንድ ሠላሳኛ ይሁን። ከፋሲል ግንብ 60 ሜትር ርቃችሁ ከሆነ አንድ ጊዜ አንሡና ሁለት ሜትር ወደ ቀኝ ሄዳችሁ እንደገና አንሡ፤ ስልኩ በሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይቁም። በስሜን ሦስት ኪሎ ሜትር ለራቀ ገደል አንድ መቶ ሜትር መሄድ ይጠይቃል፤ ከፊት ቅርንጫፍ ወይም ጅብራ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። በሁለቱ መካከል የተንቀሳቀሰ ሰው ወይም ደመና እንደ መንፈስ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ቱሪስቶቹ እስኪያልፉ ጠብቁ። ፎቶግራፎቹን ወደ ኮምፒዩተር ስትገለብጡ ወዲያውኑ በግራ የተነሣውን «ግ»፣ በቀኝ የተነሣውን «ቀ» ብላችሁ ስም ስጡአቸው፤ ከሳምንት በኋላ የትኛው የትኛው እንደ ነበረ ማንም አያስታውስም።